የፌዴራል በጀት ተራና የሠራተኛ ቤተሰብ ኑሮ፤ ከሜሪላንድ ስቴት የተወሰደ ምሳሌ

በንግድ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የመንግሥት በጀት ወጣ ሲባል አስቀድመው የሚጠይቁት ቀረጡ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ አለ ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የነገሩን አንድ ወገን ብቻ ያያል። በጀት ገንዘብ የሚሰበሰብበትን መንገድ ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበትንም ተራ ይወስናል። ለማን ቀድሞ ይድረስ፣ ከማን ይቀነስ የሚለው ውሳኔ፣ ከተወሰነበት አዳራሽ ርቆ በሚገኝ የችርቻሮ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ከጥቂት ወራት በኋላ ይታያል። ደንበኛው ሥጋውንና ዘይቱን ትቶ ሩዙን ብቻ ሲገዛ፣ ወይም እስከ ወሩ መጨረሻ በዱቤ እንዲሰጠው ሲለምን፣ ባለ ሱቁ የበጀቱን ዐዋጅ ሳያነብ ይዘቱን ዐወቀ ማለት ነው።

ይህን ለማስረዳት ሁለት ግምጃ ቤቶች በአንድ ቤተሰብ ኑሮ ላይ የሚገናኙበትን አገር መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ ፌዴሬሽን ውስጥ ያለው የሜሪላንድ ስቴት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕዝቡ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ግዛቱ በ23 ካውንቲዎችና በባልቲሞር ከተማ ተከፍሎ የፌዴራሉን ዋና ከተማ ዋሽንግተንን በአብዛኛው ወገን ከቦ ይገኛል። ስሙ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ኢትዮጵያውያን የከፈቷቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች ብዙ ናቸው፤ ቡናውና በርበሬው ተልኮ ከሚሸጥባቸው፣ ለዘመድ የሚላከውም ገንዘብ ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ግምጃ ቤቶች የሚተዳደሩበት ሕግ አንድ አይደለም፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም ይህ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ገቢው ከወጪው ቢያንስ ተበድሮ ይሞላል። በ2024 የበጀት ዓመት ያወጣው 6.8 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ፣ የሰበሰበው ደግሞ 4.9 ትሪሊዮን ገደማ ስለ ነበረ ልዩነቱን በብድር ሸፍኖታል። የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ግን እንዲህ ያለውን አሠራር አይፈቅድም፤ የስቴቱ በጀት ገቢና ወጪው ተመዛዝኖ መጽደቅ አለበት። ስቴቱ ቢበደርም ለትምህርት ቤት ሕንፃና ይህን ለመሰለው ቋሚ ሥራ ነው እንጂ ለዕለት ወጪ አይደለም። እንግዲህ ከላይ ያለው ግምጃ ቤት ይህን ወጪ ከአሁን በኋላ አልከፍልም ባለ ጊዜ፣ ከታች ላለው የሚቀርለት ግብር መጨመር፣ ሌላ ሥራ ማጠፍ፣ ወይም ሸክሙን ለቤተሰቡ መተው ብቻ ነው። ወጪው ከፌዴራሉ መዝገብ ይሰረዛል እንጂ ከዓለም አይጠፋም።

የሁለቱ ዘመን አቆጣጠርም አይገጥምም። የፌዴራሉ በጀት ዓመት በኦክቶበር 1 ቀን ሲጀምር የሜሪላንድ በጁላይ 1 ቀን ይጀምራል፤ የስቴቱም ምክር ቤት ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ለ90 ቀን ብቻ ተሰብስቦ ይበተናል። ስለዚህ ስቴቱ በጀቱን የሚያጸድቀው ዋሽንግተን ምን እንደሚሰጠው በትክክል ሳያውቅ ነው። የጅምላ ሻጩ ዋጋውን ሳይነግረው መሸጫውን እንዲለጥፍ የተገደደ ቸርቻሪ ሁኔታውን በቀላሉ ይረዳዋል።

የፌዴራሉን ወጪ ተራ በቅርብ ለተመለከተ፣ ከፊት የቆሙት ጥቂትና ከባድ ናቸው። የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና ወጪ በቀድሞ ሕግ የታሰረ ስለ ሆነ በየዓመቱ ድምፅ አይሰጥበትም። የዕዳው ወለድ ደግሞ ተራ የማይጠብቅ ነው፤ በ2024 የበጀት ዓመት ለወለድ ብቻ የተከፈለው 880 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በመሆኑ ለመከላከያ ከወጣው በልጧል። ኮንግሬስ በየዓመቱ እንደ ወደደ ሊያደላድለው የሚችለው ከጠቅላላው አንድ አራተኛ የሚያህለውን ነው። ቁጠባ በተፈለገ ጊዜ ዓይን የሚያርፈው በዚህ ክፍልና ከስቴቶች ጋር በመካፈል በሚሠሩት የምግብና የሕክምና ርዳታዎች ላይ ነው፤ እነዚህም ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ቤተሰብ ዕለት ዕለት የሚነካቸው ናቸው።

በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ታላቅ የግብርና የወጪ ሕግ ይህን ተራ በግልጽ አሳይቷል። ሕጉ በ2017 የወጣውን የገቢ ግብር ቅነሳ ቋሚ አደረገ፤ ለአንድ ልጅ የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ እስከ 2,200 ዶላር አደረሰ፤ በጉርሻና በትርፍ ሰዓት ሥራ የተገኘ ገቢ እስከ 2028 ድረስ በተወሰነ መጠን ከግብር እንዲቀነስ ፈቀደ፤ ለመከላከያና ለድንበር ጥበቃም ብዙ ገንዘብ ጨመረ። በሌላ ወገን የኮንግሬስ የበጀት ጽሕፈት ቤት እንደ ገመተው፣ በ10 ዓመት ውስጥ ሜዲኬድ ከሚባለው የድሆች ሕክምና 900 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ስናፕ ከሚባለው የምግብ ርዳታ ደግሞ 187 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይቀንሳል። ይህም ሁሉ ተቀንሶ የፌዴራሉ ጉድለት በዚያው ዘመን በ3.4 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚጨምር ጽሕፈት ቤቱ አስታውቋል።

ስለዚህ ሕጉ ሠራተኛውን ሁሉ ጎዳው ማለት ልክ አይሆንም። ጉርሻ የሚያገኘው አስተናጋጅና በትርፍ ሰዓት የሚሠራው መካኒክ የሚተርፍላቸው ነገር አለ። ነገር ግን ቅናሹ የሚጠቅመው የሚከፍለው ግብር ያለውን ሰው ነው። ገቢው ከማነሱ የተነሣ የፌዴራል የገቢ ግብር ያልደረሰበት ሠራተኛ ከዜሮ ላይ ምንም ሊቀነስለት አይችልም፤ የምግብ ርዳታው ሲቀነስ ግን ሙሉውን ያጣል።

የምግብ ርዳታው ለባለ ሱቅ ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። ርዳታው እህል በመስፈር የሚታደል አይደለም። በየወሩ ገንዘቡ በአንድ ካርድ ላይ ይሞላል፤ ባለ ካርዱም ፈቃድ ካወጣ ከማንኛውም ሱቅ ምግብ ይገዛበታል። መጠጥና ትምባሆ፣ ትኩስ የበሰለ ምግብም አይገዛበትም። በሜሪላንድ ከዘጠኝ ሰው አንዱ የሚያህለው በዚህ ካርድ ይጠቀማል፤ በዓመት የሚመጣውም ገንዘብ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ ገንዘብ በባንክ አይቀመጥም፤ በወሩ ውስጥ ተመልሶ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅም ወደ ጅምላ ነጋዴ ይሄዳል። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ስሌት፣ ንግድ በቀዘቀዘበት ጊዜ በዚህ ርዳታ የወጣ 1 ዶላር እስከ 1.54 ዶላር የሚደርስ እንቅስቃሴ ያስከትላል። ቁጥሩን የማይቀበል ሰው ቢኖር እንኳ፣ የድሀ ገንዘብ ቶሎ ወደ ገበያ እንደሚመለስ የሚክድ ነጋዴ አይገኝም።

እስከ አሁን በነበረው ሥርዓት የምግቡን ዋጋ በሙሉ የሚከፍለው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ ርዳታውን የሚያድሉትን ጸሐፊዎችና ጽሕፈት ቤቶች ወጪ ከስቴቱ ጋር እኩል ይካፈል ነበር። በ2025ቱ ሕግ መሠረት ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የጽሕፈት ቤቱ ወጪ ከመቶ 75 እጁ በስቴቱ ላይ እንዲወድቅ ተደርጓል። ከዚያም ከኦክቶበር 2027 ጀምሮ፣ በአከፋፈል ስሕተቱ ከመቶ 6 ያላነሰ ስቴት የምግቡን ዋጋ ራሱ በከፊል ይከፍላል፤ ስሕተቱ ከመቶ 10 ሲደርስ ድርሻው ከመቶ 15 ይሆናል። በ2024 የሜሪላንድ ስሕተት ከመቶ 13.64 ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ስሌት ከ1.5 ቢሊዮኑ ላይ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ በየዓመቱ ከስቴቱ ግምጃ ቤት መውጣት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ስሕተት የተባለው ስርቆት ማለት አይደለም፤ ለቤተሰቡ አብዝቶ የተከፈለውም አሳንሶ የተከፈለውም አንድ ላይ ተደምሮ ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ስሕተት የሚታረመው በሠለጠኑና በበቂ ጸሐፊዎች መሆኑ ነው፤ ሕጉ ስሕተቱን ቀንሱ እያለ ለጸሐፊዎቹ ደመወዝ የሚሰጠውን ግን ከግማሽ ወደ ሩብ ያወርደዋል። ከዚህም የሚያስገርመው፣ ስሕተታቸው እጅግ የበዛ ስቴቶች ድርሻቸውን መክፈል እስከ ሁለት ዓመት ሊዘገይላቸው መቻሉ ነው። በመጥፎ ሒሳብ ያዥነት የሚገኝ ሽልማት በየትኛውም የንግድ ቤት የተለመደ አይደለም።

ለኢትዮጵያውያን ማኅበር በተለይ የሚነካ አንቀጽም አለ። በስደተኝነት የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ከምግብ ርዳታው ውጭ ሆነዋል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ቋንቋውንና ሥራውን ሲለምድ፣ ይህ ካርድ ይደግፈው ነበር፤ አሁን ድጋፉ ወደ ዘመድና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ አለዚያም ወደ ባለ ሱቁ የዱቤ መዝገብ ተሻግሯል።

ሜሪላንድን ከሌሎች ስቴቶች የሚለየው ደግሞ ፌዴራሉ ከርዳታ ሰጪነቱ ይልቅ አሠሪነቱ የጎላ መሆኑ ነው። የብሔራዊ ጤና ምርምር ተቋም በቤተስዳ፣ የጡረታው መሥሪያ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤት በባልቲሞር አጠገብ በዉድሎን፣ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው በኋይት ኦክ ይገኛሉ። በ2025 ዓመት የፌዴራሉ ሲቪል ሠራተኞች ቁጥር በመላው አገሪቱ ከ200,000 በላይ ሲቀነስ፣ ጉዳቱ ከእነዚህ ሕንፃዎች በር አልፎ ምሳ የሚሸጥላቸውን፣ ልጅ የሚጠብቅላቸውን፣ መኪናቸውን የሚጠግንላቸውን ሁሉ ነካ።

በዚያው ዓመት ከኦክቶበር 1 ቀን እስከ ኖቬምበር 12 ቀን፣ በጀቱ በጊዜው ባለመጽደቁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለ43 ቀን ተዘጉ፤ እስከዚያ ጊዜ ከታዩት መዘጋቶች ሁሉ ይህ ረጅሙ ነበር። በ2019 የወጣ ሕግ ለመንግሥት ሠራተኞች ያለፈው ደመወዝ በኋላ እንዲከፈላቸው ያዛል። በኮንትራት ድርጅት የተቀጠሩት ጽዳት ሠራተኞች፣ ዘበኞችና የምግብ አዳራሽ ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የላቸውም። በኖቬምበር 1 ቀን ደግሞ የምግቡ ካርድ ሳይሞላ ቀረ፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የሜሪላንድ መንግሥት ከራሱ ግምጃ ቤት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ ክፍተቱን ለመሸፈን ተገደደ።

ይህ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ በምሳሌ ይታይ። በባልቲሞር አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት ሁለት ልጆች አሏቸው እንበል። አባትየው በመጋዘን ሙሉ ቀን ይሠራል፤ እናቲቱ አንዱን የፌዴራል ሕንፃ በኮንትራት ድርጅት በኩል በሳምንት 20 ሰዓት ታጸዳለች። ሁለቱም የሚከፈላቸው በስቴቱ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ማለት በሰዓት 15 ዶላር ነው። እንዲህ ሲሆን በወር የአባትየው 2,600፣ የእናቲቱ 1,300፣ በድምሩ 3,900 ዶላር ይሆናል። የቤት ኪራዩ 1,500 ዶላር ቢሆን፣ በሕጉ አቆጣጠር 300 ዶላር ገደማ የምግብ ርዳታ ሊያገኙ ይችላሉ። ሕንፃው በተዘጋ ወር 1,300ው ይቀራል፤ ካርዱ ካልተሞላም 300ው ይቀራል። ከ4,200 ዶላር ላይ 1,600 በአንድ ወር ጠፋ ማለት ነው። ከቀረው 2,600 ላይ ኪራይ ተከፍሎ ለመብራት፣ ለነዳጅ፣ ለልብስና ለምግብ የሚተርፈው 1,100 ዶላር ብቻ ነው። ቤቱን ለመተው የማይቻል ስለ ሆነ የሚቀነሰው ምግቡ ነው፤ መንግሥት ቢከፈትም ያ የእናቲቱ ደመወዝ ተመልሶ አይመጣም።

የሕክምናው ጉዳይ ቀስ ብሎ የሚመጣ ቢሆንም ክብደቱ አያንስም። በሜሪላንድ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው በሜዲኬድ ይታከማል። ከ2014 ጀምሮ ወደ ሜዲኬድ ለገቡት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ጐልማሶች ፌዴራሉ ከመቶ 90 እጁን ይከፍላል። በአዲሱ ሕግ እነዚህ ሰዎች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ባልዘገየ ጊዜ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም ሕጉ ነፃ የሚያደርጋቸው መሆናቸውን ማስረዳት፣ በየስድስት ወሩም ማሳደስ አለባቸው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ2018 በአርካንሶ ስቴት ተመሳሳይ ደንብ በተሞከረ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ 18,000 ገደማ ሰዎች ከሕክምናው ተሰርዘዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወረቀቱን በጊዜው ባለማቅረባቸው እንጂ ሥራ ባለመሥራታቸው አልነበረም። በአንድ ሳምንት 30፣ በሌላው 10 ሰዓት የሚሠራ የሱቅ ተቀጣሪ ሰዓቱን የሚያስረዳለት አሠሪው ስለ ሆነ፣ ይህ ሥራ በባለ ሱቁም ላይ ይጨመራል። ራሱ ባለ ሱቁም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ የራሳቸውን ዋስትና ከገበያ ለሚገዙ ሰዎች ከ2021 ጀምሮ ይሰጥ የነበረው ተጨማሪ የፌዴራል ድጎማ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ሜሪላንድ ከፊሉን ከራሱ ኪስ ተክቶታል።

ስቴቱ ይህን ሁሉ የሚሸከምበት ትከሻ ሰፊ አይደለም። በ2025 ጸደይ ምክር ቤቱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ጉድለት ለመዝጋት ወጪ ቀንሶ በከፍተኛ ገቢ ላይ ግብር ጨምሯል፤ ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮም በኮምፒውተርና በመረጃ አገልግሎት ላይ ከመቶ 3 የሽያጭ ቀረጥ ጥሏል። ይህ የጁላይ 4ቱ የፌዴራል ሕግ ከመፈረሙ በፊት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በሜይ ወር ሙዲስ የተባለው የብድር መዛኝ ድርጅት ሜሪላንድን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከቆየበት የመጀመሪያ ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ አደረገው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ በፌዴራሉ ላይ ያለው ጥገኝነት ነበር። በዚያው ወር ያው ድርጅት የፌዴራሉን መንግሥት ራሱንም በዕዳው ብዛት ምክንያት ዝቅ አድርጎታል።

ሕጉን የሚደግፉ ሰዎች ክርክር ባዶ አይደለም። ወለዱ ከመከላከያው የበለጠበት መንግሥት ወጪውን መመርመር አለበት፤ ስቴትም የሌላ ሰው ገንዘብ ብቻ ሲያድል ጥንቃቄው ሊላላ ይችላል፤ መሥራት የሚችልም እንዲሠራ መጠየቅ ፍትሕ ነው። ይህ ሁሉ ቢታመን ግን፣ ወጪን ወደ ስቴት ማዛወር ወጪን መቀነስ አይደለም፤ ጉድለቱን በ3.4 ትሪሊዮን የሚያሳድግ ሕግም የቁጠባ ሕግ ሊባል አይችልም።

ለኢትዮጵያ ላኪዎችና በውጭ ዘመድ ላላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ከዚሁ ሕግ በቀጥታ የሚደርስ ነገር አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ አገር በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም ይህን በመሰለ ሰነድ በሚላክ ገንዘብ ላይ ከመቶ 1 ግብር ይከፈላል። 300 ዶላር በጥሬው ለሚልክ ሰው ይህ 3 ዶላር ነው። ገንዘቡ ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም በአሜሪካ ከተሰጠ የባንክ ካርድ ወጥቶ ከተላከ ግን ግብሩ አይነካውም።

በሜሪላንድ ላለ ባለ ሱቅ በርበሬና ሽሮ በዱቤ የሚልክ ነጋዴም ከደንበኛው ሽያጭ ስንት እጁ በምግብ ካርድ እንደሚከፈል፣ ገዢዎቹም አብዛኛዎቹ በምን ሥራ እንደሚተዳደሩ ቢጠይቅ ይጠቀማል። የኦክቶበር 2026፣ የጃንዋሪና የኦክቶበር 2027 ቀኖች በሒሳብ መዝገቡ ላይ ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል፤ በእነዚህ ወራት የሚደርስ ዕቃ የክፍያ ጊዜው ከ60 ቀን ይልቅ 30 ቀን ቢሆን፣ ጭነቱም በሁለት ተከፍሎ ቢላክ ለላኪውም ለተቀባዩም ይቀላል።